ጠይቁን፦ ካፒታልስ ዋንጫውን የበላው ማንም ባልጠበቀው ዓመት ነው

ባለፈው እትም የዋሽንግተን ካፒታልሱ አሌክሳንደር ኦቬችኪን በኤፕሪል 2025 የኒውዮርክ አይላንደርስ ላይ 895ኛ ጎሉን አስቆጥሮ የዌይን ግሬትስኪን የጎል ክብረ ወሰን ስለመስበሩ ትንሽ ጽፈን ነበር። ስለ ክብረ ወሰኑ ትጠይቁናላችሁ ብለን ስንጠብቅ የመጣው ደብዳቤ ሁሉ ስለ 2018 ሆነ። ዋሽንግተን ካፒታልስ በአይስ ሆኪ ስታንሊ ካፕን የበላበት ዓመት ማለት ነው። እሺ፣ እሱን እናውራ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው፣ በኋላ እንዳንጣላ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ልጆቼ ቀይ ማሊያቸውን ለብሰው ሲጮሁ አብሬ እጮሃለሁ እንጂ ጨዋታው ብዙም አይገባኝም። አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ፦ በነጥብ አንደኛ የወጣው ቡድን ለምን ዋንጫውን አይወስድም? ለምን እንደ አዲስ ይጀመራል?

እህታችን፣ እግር ኳስ ለለመደ ሰው እውነትም ግራ ያጋባል። በፕሪሚየር ሊግ 38 ጨዋታ አልቆ ብዙ ነጥብ የያዘው ሻምፒዮን ነው፣ በቃ። በኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካው የአይስ ሆኪ ሊግ) ግን 82ቱ ጨዋታ የመግቢያ ፈተና ነው። በዚያ ዓመት 31 ቡድኖች ነበሩ፤ 16ቱ ፕሌይኦፍ ወደሚባለው ጥሎ ማለፍ ገቡ። ከዚያ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይገናኛሉ፣ ቀድሞ አራት ጊዜ ያሸነፈ ያልፋል። አንዱ ዙር ቢበዛ ሰባት ጨዋታ ነው። ዙሩ አራት ስለሆነ ዋንጫ የፈለገ 16 ጊዜ ማሸነፍ አለበት።

በ82ቱ ጨዋታ ከሁሉም በላይ ነጥብ ለሰበሰበ ቡድንም ሽልማት አለ፤ ፕሬዚደንትስ ትሮፊ ይባላል። እውነቱን ለመናገር ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ዋናው ጥቅሙ ነገሩ ሰባተኛ ጨዋታ ላይ ከደረሰ በራስ ሜዳ መጫወት ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። በመደበኛው ውድድር እኩል ከወጡ አምስት ደቂቃ ሦስት ለሦስት ይጫወታሉ፣ ካልተለየ አንድ ተጫዋች ከበረኛ ጋር ብቻ ለብቻ እየተፋጠጠ ይለያሉ። በፕሌይኦፍ ይህ የለም። ሙሉ 20 ደቂቃ ይጨመራል። ካልገባ ሌላ 20። ካልገባ ደግሞ ሌላ 20። ጎል እስኪገባ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፣ ልጆችዎ በማግስቱ ትምህርት ቤት ቢኖራቸውም።

ይሄን ጉድ ከካፒታልስ ደጋፊ በላይ የሚያውቅ የለም። በ2010 ቡድኑ 121 ነጥብ ይዞ ከሊጉ አንደኛ ወጣ፤ በመጀመሪያው ዙር ሞንትሪያልን በጨዋታ ብዛት 3 ለ 1 ሲመራ ቆይቶ ተሰናበተ። በ2016 በ120 ነጥብ፣ በ2017 በ118 ነጥብ ደግሞ አንደኛ ሆነ። ሁለቱንም ዓመት በሁለተኛው ዙር ፒትስበርግ ፔንግዊንስ አሰናበተው። ሁለቱንም ዓመት ዋንጫውን የበላው ፒትስበርግ ነው። በ2018 ዋንጫውን ሲያነሳ ግን የያዘው 105 ነጥብ ነበር።

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው፣ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። ስለዚህ «ዘንድሮ የኛ ነው» እያሉ ዓመት መቁጠር ምን እንደሚመስል ለኔ አይነገረኝም። የ2018ቱ ቡድን ከነዚያ ከወደቁት በምን ተሻለ? እስቲ ከመጀመሪያው ንገሩኝ።

አይዞህ ወንድሜ። ተሻለ ማለቱ ራሱ ያከራክራል። በወረቀት ካየነው የ2018ቱ ቡድን ከነዚያ ያነሰ ነበር። እኔ ለውጡን ያመጣው አሰልጣኙ ባሪ ትሮትስ በረኛውን የመለሰበት ውሳኔ ነው እላለሁ። ማብራሪያው ግን ይረዝማል፣ ቡናህን ይዘህ ተቀመጥ።

በ2017 ክረምት ቡድኑ ተበተነ ብንል ይቀላል። ጀስቲን ዊልያምስ ሄደ፣ ካርል አልዝነር ሄደ፣ ኬቨን ሻተንከርክ ሄደ፣ ማርከስ ዮሃንሰን ለኒው ጀርሲ ተሰጠ። ያ ሳያንስ በላስ ቬጋስ አዲስ ቡድን ተቋቋመ። ሕጉ ይህ አዲስ ቡድን ከነባሮቹ ከእያንዳንዳቸው አንድ ተጫዋች እንዲወስድ ይፈቅድለታል፤ ከዋሽንግተን ተከላካዩን ኔት ሽሚትን ወሰደ። የአሰልጣኙ ኮንትራት ደግሞ የመጨረሻ ዓመቱ ላይ ነበር፣ አላደሱለትም። ካሸነፍክ እናያለን፣ ካልሆነ ደህና ሁን ዓይነት ነገር። ብዙ ሰው «የዚህ ቡድን ዘመን አልፏል» ያለው ያኔ ነው።

ኦቬችኪን ግን ወሬውን አልሰማም መሰለኝ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች ሰባት ጎል አገባ፤ ኦታዋ ላይ ሦስት፣ ሞንትሪያል ላይ አራት። ቡድኑ ግን እስከ ኖቬምበር ድረስ አንዴ ሲያሸንፍ አንዴ ሲሸነፍ ቆየ። ቀስ እያለ ተስተካከለና ምድቡን አንደኛ ሆኖ ጨረሰ፣ 49 አሸንፎ። ኦቬችኪንም 49 ጎል አስቆጥሮ የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ፤ 600ኛ ጎሉንም ያገባው በዚያው ማርች ዊኒፔግ ላይ ነው።

ችግሩ በረኛው ጋ ነበር። ብሬደን ሆልትቢ በ2016 የሊጉ ምርጥ በረኛ ተብሎ የተሸለመ ሰው ነው። በዚያ ፌብሩዋሪና ማርች ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ ጎሉ ዝም ብሎ ይገባበት ጀመር። ተጠባባቂው ጀርመናዊው ፊሊፕ ግሩባወር በተቃራኒው አበደ። ፕሌይኦፉ ሲጀምር ትሮትስ ሆልትቢን አስቀምጦ ግሩባወርን አስገባ። ከኮሎምበስ ብሉ ጃኬትስ ጋር በሜዳቸው ሁለቱንም ጨዋታ በሁለት ጎል ሲመሩ ቆይተው፣ ሁለቱንም በጭማሪ ሰዓት ተሸነፉ። 0 ለ 2። በሁለተኛው ጨዋታ መሀል ላይ ትሮትስ ሆልትቢን መለሰውና ከዚያ በኋላ አልነካካውም።

ሦስተኛው ጨዋታ ኮሎምበስ ላይ ነበር። ሁለት ለሁለት። ጭማሪ ሰዓት አለቀ፣ ሁለተኛው ጭማሪ ተጀመረ። ያን ጨዋታ ቢሸነፉ 0 ለ 3 ነበር የሚሆነው፤ ከዚያ የሚመለስ ቡድን እጅግ ብርቅ ነው። ዴንማርካዊው ላርስ ኤለር በረኛው ፊት በነበረው ግርግር ውስጥ አገባት። የሚያምር ጎል አልነበረም። ግን በዚያ ሁሉ ጉዞ ውስጥ ከዚያች ጎል የበለጠ ዋጋ ያላት አለች ብዬ አላምንም። ከዚያ ተከታትለው አሸንፈው 4 ለ 2 አለፉ።

ቀጥሎ ማን መጣ? ፒትስበርግ። ሌላ ማን ይመጣል! ደጋፊው ገና ተጋጣሚው ሲታወቅ ሆዱን አመመው። የመጀመሪያውን በሜዳቸው ተሸነፉ፣ «ያው ነው» ተባለ። ግን እየተነሱ 3 ለ 2 መሩ። ስድስተኛው ጨዋታ፣ ሜይ 7፣ ፒትስበርግ። ኒክላስ ባክስትሮም እጁን ተጎድቶ የለም፣ ቶም ዊልሰን ሦስት ጨዋታ ተቀጥቶ የለም። በነሱ ፋንታ ብዙ ሰው ስማቸውን የማያውቃቸው ልጆች ገቡ፤ አንዱ ኔተን ዎከር የሚባል አውስትራሊያዊ ነው፣ የመጀመሪያዋን ጎል ለአሌክስ ቺያሰን ያመቻቸውም እሱ ነው። አንድ ለአንድ አለቀ። በጭማሪው ኦቬችኪን መሀል ሜዳ ላይ ኳሷን፣ ይቅርታ ፓኳን (በሆኪ በኳስ ፋንታ የሚመቷትን ጠፍጣፋ ጎማ)፣ ለዬቭጌኒ ኩዝኔትሶቭ ሰጠው፤ ኩዝኔትሶቭ ብቻውን ሄዶ በበረኛው እግር መሀል አስገባት። ከዚያ ክንፉን እያራገበ እንደ ወፍ በረዶው ላይ በረረ። ካፒታልስ ከ1998 ወዲህ ሁለተኛውን ዙር ሲያልፍ ያ የመጀመሪያው ነው።

ታምፓ ቤይን ቶሎ ልለፈው። ሁለት ውጪ አሸነፉ፣ ሁለት በሜዳቸው ተሸነፉ፣ አምስተኛውንም ተሸነፉ። 3 ለ 2 እየተመሩ በቀሩት ሁለት ጨዋታዎች ሆልትቢ አንድም ጎል አልገባበትም። 3 ለ 0፣ 4 ለ 0። ፕሌይኦፉ ሲጀምር ወንበር ላይ የተቀመጠው ያው ሰውዬ ነው።

ፍጻሜው ከቬጋስ ጎልደን ናይትስ ጋር ሆነ፤ ያ በተወለደ በዓመቱ ፍጻሜ የደረሰው አዲስ ቡድን። ይሄኛው ነገር ደራሲ የጻፈው ነው የሚመስለው። በረኛቸው ማርክ-አንድሬ ፍለሪ ነው፤ ዓምና ለፒትስበርግ ሰባተኛውን ጨዋታ ያለ ጎል ጨርሶ ዋሽንግተንን ያሰናበተው እሱ ነበር። ሥራ አስኪያጃቸው ጆርጅ ማክፊ ነው፤ ኦቬችኪንንም ባክስትሮምንም ሆልትቢንም ለዋሽንግተን የመረጣቸው ሰው። ኔት ሽሚትም እዚያው ነው። የመጀመሪያውን ቬጋስ 6 ለ 4 አሸነፈ።

በሁለተኛው ጨዋታ ካፒታልስ 3 ለ 2 ይመራል፣ ሁለት ደቂቃ ገደማ ቀርቷል። ፓኳ ግድግዳውን መትታ ያልታሰበ ቦታ ነጠረች። የቬጋሱ ኮዲ ኢኪን ጋ ደረሰች፣ እሱ ወዲያው ወደ ሌላኛው ጎን ለአሌክስ ተክ አሻገረለት። ጎሉ ባዶ ነው። ሆልትቢ ሌላኛው ቋሚ ጋ ነበር። ተክ መታ፤ ሆልትቢ በሆዱ እየተወረወረ ዱላውን ዘረጋ፣ ፓኳ ከዱላው ሰፊ ክፍል ጋር ተጋጭታ ቀረች። ቪዲዮውን ፈልገህ እየው፣ በዝግታም እያየኸው ገባች ነው የምትለው። ከዚያ በኋላ ቬጋስ አላሸነፈም። 3 ለ 1፣ 6 ለ 2፣ ከዚያ ጁን 7 በላስ ቬጋስ 4 ለ 3።

የመጨረሻዋም ጎል የኤለር ናት። ፓኳ በፍለሪ እግሮች መሀል ሾልካ ከኋላው ቆማለች፣ እሱ አላያትም፤ ኤለር ዞሮ ገፋት። አራቱንም ዙር በሆነ ሰዓት ሲመሩ የነበሩት ተጋጣሚዎቹ ናቸው። 0 ለ 2፣ 0 ለ 1፣ 2 ለ 3፣ 0 ለ 1። እንግዲህ በ120 ነጥብ ዘመኑ እንዲህ ከኋላ ሲነሳ አላየነውም፤ የፈለግኸው ልዩነት ይሄ ነው።

ከባለቤቴ ጋር ተጣላን። እሱ ዋንጫውን ኦቬችኪን ብቻውን ነው ያመጣው ይላል፤ እኔ ኩዝኔትሶቭ ነው እላለሁ። አስታርቁን። (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

በቁጥር ከሄድን አንቺ ታሸንፊያለሽ። በፕሌይኦፉ ከማንም በላይ ነጥብ ያስመዘገበው ኩዝኔትሶቭ ነው፣ ጎልና ለጎል ያመቻቸው ሲደመር 32። ኦቬችኪን 27 ነው፤ ከነዚህ ግን 15ቱ ጎሎች ናቸው፣ የፕሌይኦፉ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት የሆነውን ኮን ስማይዝንም የወሰደው እሱ ነው። ስለዚህ ባለቤትሽም ባዶ እጁን አይቀርም። እኔን ከጠየቃችሁ ሆልትቢን ነው የምሸልመው፣ ከላይ እንዳነበባችሁት። አሁን ሦስት ሆንን፣ ጠቡ ባሰበት።

አባባ ናቸው የጠየቁት፣ ዲሲ ታክሲ ነጂ ነበሩ። በዚያ ሰሞን ጨዋታ ሲያልቅ ሜትሮው ዘግቶ ሥራ ይደራ ነበር፤ አንድ ቀን ግን ባቡሩ ሳይዘጋ ቆየ፣ «ዓረቦች ከፍለውበት ነው» ተባለ። እውነት ነው ወይስ የመናኸሪያ ወሬ?

እውነት ነው አባባ! ያኔ ሜትሮው ከሰኞ እስከ ሐሙስ የሚዘጋው በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ጨዋታው ጭማሪ ሰዓት ከገባ 18 ሺህ ሰው መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ከሰዓት በላይ አቆዩልን ለሚል ሜትሮው ወጪውን ክፈሉ ይል ነበር፤ ለአንድ ሰዓት 100,000 ዶላር። ሜይ 17 ከታምፓ ጋር ለተደረገው አራተኛ ጨዋታ ያን ብር የከፈለችው ኳታር ናት። አዎ፣ አገሪቱ ራሷ። የአሜሪካ ዋና ከተማ ሰዎች ከሆኪ ጨዋታ ወደ ቤታቸው የገቡት በኳታር ሒሳብ ነው። ለርስዎ ገበያ ግን ያ ቀን ጥሩ እንዳልነበር ይገባኛል፤ ለሌሎቹ ኡበርና ታክሲ ነጂ ወገኖቻችንም እንደዚያው።

ልጄ 9 ዓመቱ ነው፣ ሆኪ ካልተጫወትኩ ብሎ አስጨንቆኛል። ጨዋታው የነጮች ነው፣ ዕቃውም ውድ ነው ይሉኛል። ደግሞ ጥቁር ልጅ እዚያ ሜዳ ላይ ቢሰደብብኝስ? ምን ትመክሩኛላችሁ?

ላባብልሽ አልፈልግም። ውድነቱ እውነት ነው። ስድቡም አለ፤ እዚያው በምናወራበት ዓመት የሆነውን ልንገርሽ።

ዴቫንቴ ስሚዝ-ፔሊ ከቶሮንቶ ነው የመጣው፣ ስካርቦሮ ያደገ ጥቁር ልጅ። በ2017 ክረምት ኒው ጀርሲ ኮንትራቱን ገዝቶ አሰናበተው። ዋሽንግተን በ650,000 ዶላር የአንድ ዓመት ኮንትራት ሰጠው፤ በዚያ ሊግ የመጨረሻው ዝቅተኛ ደመወዝ ማለት ነው። ፌብሩዋሪ 17 ቺካጎ ላይ ተቀጥቶ የቅጣት ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ አራት ደጋፊዎች መስተዋቱ ጋ መጥተው «ባስኬትቦል፣ ባስኬትቦል» እያሉ ጮሁበት። ቦታህ እዚህ አይደለም ማለታቸው ነው። አራቱንም ከስታዲየም አስወጧቸው፣ የቺካጎ ቡድንም ይቅርታ ጠየቀ።

ይህ ልጅ በ82ቱ ጨዋታ ውድድር ያገባው ጎል ሰባት ብቻ ነው። በፕሌይኦፉ ብቻ ደግሞ ሌላ ሰባት አገባ! ዋንጫው በተወሰደበት ምሽት ቬጋስ 3 ለ 2 እየመራ ሦስተኛዋን አስቆጥሮ እኩል ያደረጋቸው እሱ ነው፤ ፓኳን በእግሩ ወደ ዱላው አቀብሎ፣ እየወደቀ። ለኔ ከፍጻሜው ጎሎች ሁሉ ቆንጆዋ እሷ ናት።

ታሪኩ ደግሞ ከሱ አይጀምርም። ካፒታልስ በ1974 ሲመሠረት ገና ከመጀመሪያዎቹ ምርጫዎቹ አንዱ ማይክ ማርሰን ነበር፣ በኤንኤችኤል ታሪክ ሁለተኛው ጥቁር ተጫዋች። (የመጀመሪያው ዊሊ ኦሪ ነው፣ በ1958 ለቦስተን።) እዚሁ ዲሲ ደቡብ ምሥራቅ ደግሞ ኒል ሄንደርሰን የሚባሉ ሰው በፎርት ዱፖንት የበረዶ ሜዳ የጥቁር ሰፈር ልጆችን ሰብስበው ሲያሠለጥኑ አርጅተዋል፤ በ2019 የአሜሪካ ሆኪ የክብር መዝገብ ውስጥ ገብተዋል። ስለዚህ «የነጮች ነው» ለሚሉሽ መልስ አለሽ።

ምክሬ፦ አዲስ ዕቃ አትግዢ። ልጅ በዓመቱ ጫማው ይጠበዋል። መጀመሪያ መንሸራተት ይማር፣ ጫማ እዚያው ይከራያል። ከወደደው ያገለገለ ሄልሜትና መከላከያ ፈልጊ፤ ሄልሜቱ ግን ያልተሰነጠቀ፣ በልኩም የሆነ ይሁን፣ እሱ ላይ ገንዘብ አትቆጥቢ። ጀማሪ ልጆችን በነፃ ወይም በቅናሽ የሚያስጀምር ፕሮግራም እንዳለ በአቅራቢያሽ ያለውን የበረዶ ሜዳ ጠይቂ። ሌላው ደግሞ ሰዓቱ ነው፦ የልጆች ልምምድ ብዙ ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ጎህ ሳይቀድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለማስቀደስ ከለመድሽ አይከብድሽም።

ዳኛው አጠገባቸው ቆሞ ሲደባደቡ ለምን ዝም ይላል?

ዝም አይልም፣ ይጠብቃል። አንዱ በረዶው ላይ ሲወድቅ ወይም ሲደክማቸው ይገባሉ። ከዚያ ሁለቱም አምስት አምስት ደቂቃ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣሉ። መሀል ገብቶ ቡጢ መቅመስ የሚፈልግ ዳኛ የለም፣ እኔም ብሆን አልገባም።

አሰልጣኙ ከዋንጫው በኋላ ምን ሆነ? ከዚያ ወዲህስ ለምን ድምፃቸው ጠፋ? (ከዳላስ)

አሰልጣኙ ሄደ። ጁን 12 በኮንስቲትዩሽን አቬኑ ሕዝቡ በቀይ አጥለቅልቆት ሰልፍ ወጣ፤ ከሳምንት ያነሰ ጊዜ አልፎ ጁን 18 ትሮትስ ሥራውን ለቀቀ። ኮንትራቱ ላይ ዋንጫ ከበላ በትንሽ ጭማሪ ለሁለት ዓመት ይራዘማል የሚል አንቀጽ ነበረበት፤ እሱ ደግሞ ዋንጫ የበላ አሰልጣኝ የሚገባውን ዋጋ ፈለገ፣ አልተስማሙም። በዚያው ሳምንት አይላንደርስ ቀጠረው። ዋንጫ ያመጣን ሰው በብር ተከራክሮ መሸኘት ለኔ እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም፣ ምክትሉን ቶድ ሪርደንን መሾማቸውም ብዙ አልረዳቸውም።

በ2019 በመጀመሪያው ዙር ካሮላይና በሰባተኛው ጨዋታ፣ በሁለተኛ ጭማሪ ሰዓት አሰናበታቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ዙር እንኳ ማለፍ አቃታቸው፣ እስከ 2025 ድረስ። በ2025 ሞንትሪያልን 4 ለ 1 ጥለው አለፉና በሁለተኛው ዙር ያው ካሮላይና ጠበቃቸው፤ 4 ለ 1 ተሸኙ። ስለ ካሮላይና የመጣ ጥያቄም አለን፣ ከሻርሎት የጻፍክልን ወንድማችን ለሚቀጥለው እትም ይዘንልሃል።